ሁለት ዓይን ያላየው
የኮሎኔል ተክለሃይማኖት መርዳሳ የሕይወት ታሪክ (1919–1981 ዓ.ም.)

ኮሎኔል ተክለሃይማኖት መርዳሳ ከአባታቸው ከአቶ መርዳሳ ሁንዴና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወርቅውሃ ተሰማ በአርሲ ክፍለ ሀገር በአቦምሳ ከተማ ሚያዝያ 24 ቀን 1919 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕለቱ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ነበርና ስሙ ብዙ ክርክር ሳያስፈልገው ወጣላቸው። አባታቸው በአቦምሳና በአዳማ መካከል እየተመላለሱ በቅሎ የሚነግዱ ሰው ነበሩ፤ ከተማዋ ናዝሬት ከተባለች በኋላም እስኪሞቱ ድረስ አዳማ እያሉ ነው የጠሯት።

ፊደል የቆጠሩት አቦምሳ በቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ ጠላት ከአገር ከወጣ በኋላ ናዝሬት አክስታቸው ዘንድ ተቀምጠው ዘመናዊ ትምህርት ጀመሩ። በትምህርታቸው መካከለኛ ነበሩ። የሕይወት ታሪክ ሲጻፍ ሁሉም ሰው ከክፍሉ አንደኛ ይወጣል፤ እሳቸው ግን ሰባተኛም አሥራ አንደኛም ይወጡ እንደነበር ካርዳቸው ይመሰክራል። እሳቸው ውሸት ስለማይወዱ ታናሽ ወንድማቸው መምህር ነጋሳ፣ ይህን የጻፈውም የሚያነበውም እሱ ነውና፣ እንዳለ አስፍሮታል።

በ1939 ዓ.ም. አባታቸው ለአንድ መኮንን የሸጧቸውን ሁለት በቅሎዎች ለማስረከብ ቢሾፍቱ ሲሄዱ አስከትለዋቸው ሄዱ። አዲስ የተቋቋመው አየር ኃይል ዕጩ መኮንኖች እንደሚቀበል እዚያ ሰሙ። አባታቸው በቅሎ ብቻ ሊያስረክቡ ሄደው ልጃቸውንም አስረክበው ተመለሱ። ወይዘሮ ወርቅውሃም ለሳምንት ያህል ባላቸውን አላነጋገሩም ይባላል።

የኮሎኔል ችግር ቁመታቸው ነበር። በመጀመሪያው የሥልጠና በረራ ከአውሮፕላኑ አፍንጫ በላይ ማየት ስላልቻሉ ስዊድናዊው አስተማሪ አስወረዷቸው። እናታቸው ይህን በደብዳቤ ሲሰሙ የአቦምሳን ጥጥ ጠቅጥቀው አንዲት ጠንካራ ትራስ ሰፉና በጭነት መኪና ላኩ። በዚያች ትራስ ላይ ተቀምጠው መብረር ተማሩ፤ ጓዶቻቸውም እስከ መጨረሻው «ባለ ትራሱ» ይሏቸው ነበር። በ1942 ዓ.ም. የአብራሪነት ክንፋቸውን ተቀበሉ።

ጥር 13 ቀን 1943 ዓ.ም. ከወይዘሮ በላይነሽ ኃይሌ ጋር በናዝሬት ከተማ በቅዱስ ቁርባን ተጋቡ። ከዚህ ጋብቻ ሦስት ልጆች ወለዱ፤ ዘመናይን በ1944፣ ኃይለየሱስን በ1946፣ ደራርቱን በ1954 ዓ.ም.።

በ1952 ዓ.ም. በሻለቃነት ማዕረግ የስኳድሮን አዛዥ ሆኑ። ሥራቸውን የሚያውቁ ሁሉ የሚያነሱት ጥቁሩን ሰሌዳ ነው። ከበረራ ክፍሉ በር አጠገብ የተሰቀለ የትምህርት ቤት ሰሌዳ ነበር። የአብራሪው ስም፣ የተነሳበት ሰዓትና የተመለሰበት ሰዓት በጠመኔ ይጻፍበታል። የተመለሰ ስም ይደመሰሳል፤ ያልተመለሰ ስም ግን በጨርቅ አይነካም። አዛዡ የመጨረሻው ስም እስኪደመሰስ ድረስ ምሳቸውን አይበሉም ነበር። በዚህም የተነሳ የጨጓራ ሕመም ያዛቸው።

በ1953 ዓ.ም. ግን ዕድሜ ልካቸውን ያልተላቀቃቸው ነገር ደረሰ። መቶ አለቃ ንዋይ የሚባል የቡልቡላ ልጅ በአብጃታ ሐይቅ ላይ ሲበር ሞተሩ ጠፋበት። ሻለቃ ተክለሃይማኖት ራሳቸው በሌላ አውሮፕላን ሄደው ዞረው አዩ። አውሮፕላኑ ሐይቁ ዳር በአፍንጫው ተተክሏል፤ ሰው የለም። በማግስቱ ማለዳ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ቡልቡላ ወረዱና ለአብራሪው እናት ለወይዘሮ አበዛሽ መርዶ ነገሩ። ድንኳን ተተከለ፣ ሙሾ ወረደ። በሦስተኛው ቀን አንድ ከብት ጠባቂ ሽማግሌ ወደ ድንኳኑ እየሮጠ መጣ። «ጂራ፣ ጂራ» ይላል፤ አለ፣ በሕይወት አለ ማለቱ ነበር። ልጁ ከአውሮፕላኑ ተስፈንጥሮ ወድቆ፣ በእግሩ ሲያዘግም ከብት ጠባቂዎች አግኝተው ቤታቸው በትኩሳት ተኝቶ ከርሟል። ከሽማግሌው ኋላ በአህያ ጋሪ ላይ ተቀምጦ ለቅሶውን ሊያይ ደረሰ።

ሰው ሁሉ እልል ሲል ወይዘሮ አበዛሽ ወደቁ። ግማሽ ጎናቸው ከዳቸው፤ አንደበታቸውም ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሲኖሩ አንድ ቃል አልተናገሩም። ሻለቃ ተክለሃይማኖት በየበዓሉ ቡልቡላ እየሄዱ ከፊታቸው ይቀመጡ ነበር። ልጁ ንዋይ ይቅርታ አድርጎላቸዋል፤ እናትየው ይቅር ይበሉ አይበሉ የሚታወቅበት መንገድ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ለስኳድሮኑ ደንብ አወጡ። ከግዳጅ ያልተመለሰ አብራሪ መሞቱን በዓይናቸው ያዩ ሁለት ምስክሮች እስካልተገኙ ድረስ ለቤተሰቡ መርዶ አይነገርም። አንድ ሰው ቢያይ አይበቃም፤ እሳቸውም ያዩት ብቻቸውን ነበርና። ደንቡ ከስኳድሮኑ አልፎ ለሌሎችም ተዳረሰ። እሳቸውም በሕይወታቸው የሠሩት ጥሩ ነገር ምንድን ነው ሲባሉ ያን ይጠሩ ነበር። ያሰለጠኗቸውን ልጆች ብዛትም ሆነ ያገኙትን ሜዳሊያ አያነሱም ነበር።

በ1964 ዓ.ም. የኮሎኔልነት ማዕረግ አገኙ። አብዮቱ ሲፈነዳ በኅዳር 1967 ዓ.ም. ታስረው ከአሥራ አራት ወር በኋላ ያለ ክስ ተለቀቁና በጡረታ ተሰናበቱ። ስለዚያ ጊዜ ያወሩት ስለሌለ እኛም የምንጽፈው የለንም። ጓዶቻቸው ለመሸኛ አሮጌውን ጥቁር ሰሌዳ ሰጧቸው፤ አዲስ ተገዝቶ ስለነበር ማንም አልፈለገውም። እሳቸው ግን ከናዝሬቱ ቤት ሳሎን ሰቀሉት። ደራርቱ የሂሳብ የቤት ሥራዋን ትሠራበት ጀመር። በአንድ ቃላቸው አሥራ ሁለት አውሮፕላን ያስነሱ የነበሩ ሰው ስኳር ለመቀበል ከቀበሌው ሱቅ ፊት ሲሰለፉ ያያቸው ሁሉ ያዝንላቸው ነበር። እሳቸው ግን ሰልፉ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ያስተካክሉ ነበር። ለምን እንደሚታዘዟቸው ማንም አያውቅም፤ ግን ይታዘዟቸው ነበር።

ልጃቸው ኃይለየሱስ በ1963 ዓ.ም. አየር ኃይል ሲገባ አባትየው እንዳይገባ ሦስት ቀን ለመኑት፤ እምቢ አለ። ቁመቱ ረጅም ነበር፣ በእናቱ ወገን ወጥቶ ነው። አያቱ የሰፉትን ትራስ አባትየው ሲሰጡት ስቆ «አባዬ፣ በዚህ ላይ ከተቀመጥኩ ጭንቅላቴ ጣሪያውን ይነካል» አለና ትራሱን ለእናቱ መለሰ። መቶ አለቃ ሆኖ በተዋጊ ጄት ሲበር ሳለ በ1969 ዓ.ም. በምሥራቅ ጦርነት ተነሳ።

ነሐሴ 19 ቀን 1969 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ተነስቶ አልተመለሰም። አብሮት የበረረው ጓዱ ጭስ አየሁ፣ ጃንጥላ ግን አላየሁም አለ። በሳምንቱ ሻለቃ ሱሩር የሚባሉ የኮሎኔል የቀድሞ ተማሪ ወደ ናዝሬት መጡ። ሳሎን ገብተው ሳይቀመጡ፣ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው «ጌታዬ፣ ያየ አንድ ሰው ብቻ ነው» አሉ። ኮሎኔልም «እንግዲህ መርዶ ልትነግር አልመጣህም» አሏቸው። ሻለቃውም «ደንቡ የእርስዎ ነው፤ እኔ ምን ላድርግ» አሉና ቆመው አለቀሱ። ወይዘሮ በላይነሽ ከጓዳው በር ቆመው ይሰሙ ነበር። በመዝገቡም «ከግዳጅ ያልተመለሰ» ተብሎ ተጻፈ።

ያን ቀን ኮሎኔል የደራርቱን ሂሳብ ከሰሌዳው ላይ ደመሰሱ። «መቶ አለቃ ኃይለየሱስ ተክለሃይማኖት፣ የተነሳበት ሰዓት 3፡20» ብለው ጻፉ። የተመለሰበት ሰዓት የሚጻፍበትን ቦታ ክፍት ተዉት። በየቅዳሜው ጠመኔ አንስተው የደበዘዙትን ፊደላት ይደግሟቸው ነበር። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ አደረጉ።

መርዶ ያልመጣበት ቤት ምን ዓይነት ቤት እንደሆነ ያልኖረበት አያውቀውም። ወይዘሮ በላይነሽ ጥቁር ቢለብሱ ሟርት ሆነባቸው፤ ቀለም ያለው ቢለብሱ ነውር ሆነባቸው። ስለዚህ ግራጫ ለበሱ። ጎረቤት እግዜር ያጥናሽ እንዳይል ልጁ አልሞተም፣ እንኳን አደረሰሽ እንዳይል ልጁ አልመጣም። ዕድሩ ድንኳን አይተክል፣ ቄሱ ፍትሐት አያደርግ፣ ሰባቱም አርባውም አይወጣ። ወይዘሮ በላይነሽ ለቅሶ ሲጠሩ ማንም ይሙት ማን ቀድመው ይደርሳሉ። የማያውቁት ሰው ሬሳ ላይ እስኪዝሉ ሲያለቅሱ ለማን እንደሚያለቅሱ ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ማንም ግን አልተናገራቸውም።

ኮሎኔል ይህን ሁሉ እያዩ ምንም ማድረግ አልቻሉም። ደንቡን ያወጡት ሌላ እናት እንደ ወይዘሮ አበዛሽ እንዳትወድቅ ነበር። አሁን እሳቸው ያንኑ ደንብ አፍርሰው ሚስታቸውን ሞቷል ቢሉና ልጁ በበሩ ቢገባስ? ሞቷል ሳይሉ ቢቀሩስ እስከ መቼ? ታናሽ ወንድማቸው አንድ ጊዜ «ወንድምዓለም፣ ይብቃ፤ ይለቀስና ይውጣላት» ቢላቸው «ቡልቡላ አልነበርክም» ብለው ዝም አሰኙት።

በ1972 ዓ.ም. ወይዘሮ በላይነሽ ለመሠረተ ትምህርት ቀበሌ ተመዘገቡ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላቸው ነበር፤ ምን ልትማሪ ነው ሲባሉ «ሰሌዳው ላይ ምን እንዳለ ላንብ» አሉ። በአምስት ወር አነበቡት።

በነሐሴ 1980 ዓ.ም. ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ምርኮኞች ወደ አገራቸው ሲመለሱ የዚያን ቤት ሁኔታ መናገር ከባድ ነው። ኮሎኔል የልጃቸውን ፎቶግራፍ በደረት ኪሳቸው ይዘው ሄዱና ከተሰለፉት ተመላሾች ፊት ከአንዱ ወደ አንዱ እያለፉ አሳዩ። ሰዎቹ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ፎቶ እያዩ ከጎናቸው ባለው ፀጉሩ በሸበተ ተመላሽ ፊት ላይ ሊፈልጉት ይሞክሩ ነበር። አላወቁትም። ሦስት ቀን ደጋግመው ሄደው በመጨረሻ ተመለሱ። «የቀሩ አሉ ይባላል» ብለው ለወይዘሮ በላይነሽ ነገሯቸው።

ከመስቀል በፊት በነበረው ቅዳሜ፣ መስከረም 14 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ የሚኖሩት የወይዘሮ መሪማ ልጅ መሐመድሰዒድ ከምርኮ ተመልሷል ተባለና ኮሎኔል እንኳን ደስ ያላችሁ ሊሉ ሄዱ። መሐመድሰዒድ ጥይት የሚያመላልስ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ፎቶውን ሲያይ አወቀው። አውሮፕላኑ ሲወድቅ ተመልክቶ ከሁለት ጓዶቹ ጋር ደርሷል። ደረቱ ላይ የተሰፋውን ስም አንብቧል። ሦስቱ ሆነው ከአንድ ግራር ሥር ቀብረውታል። ሁለቱ ጓዶቹ ምርኮ ላይ ሞቱ። «እኔ ሙስሊም ነኝ፣ የእናንተን ጸሎት አላውቅም» አለ፤ «የኔን አደረግኩለት፤ ያስቀይማል?» ኮሎኔልም አያስቀይምም አሉት። ለማንም እንዳይናገር ለምነውት ወጡ።

ሁለተኛው ዓይን ተገኘ ማለት ነው። ደንቡ ተሟልቷል። ከዚያ በኋላ የቀረው መርዶውን መናገር ብቻ ነበር። አሥራ ሁለት አውሮፕላን ያስነሳ የነበረው አንደበት ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር ማንሳት አቃተው። በባህላችን መርዶ የሚናገረው ሌላ ሰው ነው፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ በማለዳ በር ይመታል። ስለዚህ ኮሎኔል ለዕድሩ ዳኛ ሊነግሩ ሁለት ጊዜ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሁለት ጊዜም ስለ ቆርቆሮ ዋጋና ስለ ወንጂ መንገድ አውርተው ተመለሱ። ዳኛው ኮሎኔል ቤት ሊያድሱ ነው ብለው ለሰው ተናግረዋል።

በየቅዳሜው ጠመኔ ማንሳታቸውን ተዉ። እውነቱን እያወቁ ያን ስም መድገም አልሆነላቸውም፤ ስሙ ራሱ ደብዝዞ ቢጠፋ ባለቤታቸው ቀስ ብለው ይለምዱታል ብለው አሰቡ። በሦስተኛው ሳምንት ግን ጠዋት ተነስተው ሲያዩ ስሙ ደምቆ ተጽፏል። ፊደላቱ ትልልቅ ናቸው፣ ወደ ጎን ያዘነበሉ፤ የመሠረተ ትምህርት እጅ ጽሑፍ ነው። ባለቤታቸው አሁንም ተስፋ እንደሚያደርጉ ገባቸው፤ የነበረቻቸውም ትንሽ አቅም በዚያው ተሟጠጠች። ከዚያ ወዲህ ስሙ በደበዘዘ ቁጥር በዚያው እጅ እየታደሰ ቀጠለ።

በታኅሣሥ የቆየ የደም ግፊታቸው ተነሳባቸውና ኩላሊታቸው ታወከ። አዲስ አበባ ተወስደው ለሦስት ሳምንት ታከሙ፤ ዶክተሮቹ የሚችሉትን ሁሉ አደረጉ፤ ግን የሚሆን አልነበረም። ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የመሐመድሰዒድን ነገር ለታናሽ ወንድማቸው ነገሩት። «አንተ ንገራት» አሉት። መምህር ነጋሳም እሺ አለ። እሺ ማለት ቀላል ነበር። እሱም በየቀኑ እየመጣ ሳይናገር ተመለሰ። ለዚህ ጉባኤ እውነቱን ለመናገር፣ ወንድሙ እየሞቱ ሌላ ሞት ወደዚያ ቤት መውሰድ አቃተው። ኮሎኔልም በመጣ ቁጥር በዓይናቸው ይጠይቁታል፤ እሱም ራሱን ይነቀንቃል። ጥር 30 ቀን 1981 ዓ.ም. ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሳይነገር እንደቀረ እያወቁ አረፉ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ መምህር ነጋሳ ይህን ታሪክ እየጻፈ ከልጆቻቸው ዝርዝር ሲደርስ ብዕሩ ቆመ። ኃይለየሱስን ካሉት ጋር ቢጽፈው ውሸት ነው፤ ውሸት ደግሞ እሳቸው አይወዱም። ቢተወው ደግሞ መርዶ ነው፤ ያውም በሕዝብ ፊት በወረቀት የሚነገር መርዶ። ደብተሩን ይዞ ሐዘን ወደተቀመጡት ወደ ወይዘሮ በላይነሽ ሄደና እዚህ መስመር ላይ ምን ልጻፍ አላቸው።

ወይዘሮ በላይነሽ ደብተሩን ተቀብለው አነበቡት፤ ጣታቸውን ከቃል ወደ ቃል እያሳለፉ።

«ከመሪማ ቤት የመጣ ቀን ቅዳሜ ነበር» አሉ። «ጠመኔውን አላነሳም። አሥራ አንድ ዓመት አንድ ቅዳሜ ዘሎ አያውቅም። ያን ቀን አወቅኩ።»

«ታዲያ ስሙን ለምን ይጽፉት ነበር?» አላቸው መምህር ነጋሳ።

«እሱ እንዳይነግረኝ ነዋ። መናገሩ ይገድለው ነበር። አታውቅም መስሎት ትንሽ ይኑር ብዬ ነው። አንተም በር ድረስ እየመጣህ ስትመለስ አይሃለሁ» አሉ፤ ደብተሩንም መለሱለት። «በል ጻፈው። ድንኳኑ ተተክሏል፣ ሰውም ተሰብስቧል። ልጄን ከአባቱ ጋር አልቅሱልኝ።»

ስለዚህ እዚህ የተሰበሰባችሁ ሁሉ እንድታውቁት ነው። መቶ አለቃ ኃይለየሱስ ተክለሃይማኖት በ1946 ዓ.ም. ተወልዶ ነሐሴ 19 ቀን 1969 ዓ.ም. በተሰማራበት ግዳጅ ላይ በሃያ ሦስት ዓመቱ አርፏል። አይተው የመሰከሩት ሁለት ናቸው። የቀበረው አንደኛው ምስክር ዛሬ ከእናቱ ከወይዘሮ መሪማ ጋር ከዚሁ መካከል ቆሟል። ለአሥራ አንድ ዓመት ከአምስት ወር የዘገየው መርዶ ይኸው ነው፤ አባትየው ያወጡት ደንብ ተፈጽሟል።

ኮሎኔል ተክለሃይማኖት መርዳሳ ባለቤታቸውን ወይዘሮ በላይነሽ ኃይሌን፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸውን ዘመናይንና ደራርቱን፣ አራት የልጅ ልጆችን፣ ታናሽ ወንድማቸውንና በየዘመኑ ያሰለጠኗቸውን ብዙ አብራሪዎች ትተው አልፈዋል። ሰሌዳው ሳሎን እንደተሰቀለ ነው። ወይዘሮ በላይነሽ ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ከመምጣታቸው በፊት ጠመኔ አንስተው ነበር። ከልጃቸው ስም በታች የባላቸውን ስም ጻፉ፤ የሁለቱንም አልደመሰሱም።

እግዚአብሔር የአባትንም የልጅንም ነፍስ በአብርሃምና በይስሐቅ አጠገብ ያሳርፍ። ለቅሶ ላይ ደርሳችሁ ያጽናናችሁን ሁሉ ብድራችሁን ይክፈል። ለወይዘሮ በላይነሽም ጥቁር የመልበስ ፈቃድ ስላገኙ ጽናቱን ይስጥልን። አሜን።